የአዛውንቶችን የሲቢሲ ውጤት እንዴት እናንብብ?

(በስክሪኑ ላይ የላብራቶሪ ውጤት ይታያል)

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ አንድ የሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴሎችን የሚቆጥር ምርመራ፣ ውጤት አብረን እናነባለን። ለማሳያ የተዘጋጀ ነው። የ74 ዓመት እናት ናቸው እንበል። ቶሎ ይደክማቸዋል፤ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

ወረቀቱ በቁጥር የተሞላ ነው። አትደንግጡ። መጀመሪያ ሄሞግሎቢን የሚለውን ፈልጉ፤ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሚሸከመው ነው። 10.8 ይላል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ፣ ለሴት ከ12፣ ለወንድ ከ13 ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። ለአዛውንት ተብሎ የወረደ መለኪያ የለም። ስለዚህ «ዕድሜ ነው» ተብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ምክንያቱ ይፈለግ።

(ኤምሲቪ የሚለው መስመር ይጎላል)

አሁን ኤምሲቪን እዩ። ቀይ የደም ሴሎች በአማካይ ምን ያህል ትልቅ እንደሆኑ ይናገራል። የተለመደው ከ80 እስከ 100 ነው። የእኚህ እናት 72 ነው፤ ሴሎቹ አንሰዋል። ብዙ ጊዜ ይሄ የአይረን እጥረት ነው፤ ፌሪቲን የሚባል፣ በሰውነት የተከማቸውን አይረን የሚያሳይ ምርመራ ያጣራዋል።

ታዲያ አይረኑ የት ገባ? የወር አበባ ከቆመ ቆይቷል። በዚህ ዕድሜ ቶሎ የሚጠረጠረው ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ቀስ እያለ የሚፈስ ደም ነው። ሰገራ ላይ በዓይን ላይታይም ይችላል። ለጉልበት ሕመም የሚዋጡት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራ ያደማሉ። አስፕሪንም እንደዚያው፤ ለልብ የታዘዘ ከሆነ ግን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳታቋርጡት። የአንጀት ካንሰርም ሊሆን ይችላል። የአይረን ኪኒን ብቻ ተሰጥቶ ሲቀር በጣም የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው፤ ሄሞግሎቢኑ ከፍ ይላል፣ በሽታው ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።

ኤምሲቪ ከ100 ካለፈስ? ቢ12 ወይም ፎሌት የሚባል ቫይታሚን አንሶ ሊሆን ይችላል። ለስኳር ሜትፎርሚን፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለዓመታት የወሰደ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። አልኮልና የታይሮይድ ችግርም አሉበት። እግር ከደነዘዘ ወይም መርሳት ከመጣ ቶሎ ይታይ።

(ነጭ የደም ሴል)

ኢንፌክሽንን የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል አብዛኛውን ጊዜ ከ4,000 እስከ 11,000 ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዛውንት ሳንባ ምች ይዟቸውም ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ትኩሳትም ላይኖር ይችላል። ድንገት ከተምታታባቸው ወይም ምግብ እምቢ ካሉ፣ «ነጭ ሴላቸው ደህና ነው» ብላችሁ ቤት አታቆዩዋቸው።

ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ከ150,000 ወርዶ ከታየ አንዳንዴ ናሙናው ውስጥ ተጣብቆ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአባታችሁ ሄሞግሎቢን አምና 15.2 ነበር፣ ዘንድሮ 13.3 ሆነ እንበል። ወረቀቱ ላይ ምንም የማስጠንቀቂያ ምልክት ላይወጣ ይችላል፤ ግን ወደ 2 ግራም ወርዷል፣ ይህም መጠየቅ አለበት። ሐኪም ጋ ስትሄዱ የቆዩ ውጤቶችን ያዙ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያዙ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጭምር።