ይቺ መብራት ምንድናት?

እሺ፣ ሰላም ናችሁ? ድምፄን ዝቅ ያደረግኩት እማዬ ወዲያ ክፍል ስለተኛች ነው፣ ኩሽና ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው፣ ፍሪጁ ሲያጉረመርም ከሰማችሁ እሱ ነው። ባለፈው የቤት ኪራዩን ጉዳይ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፣ እሱን ሌላ ቀን። ማክሰኞ ማታ የሆነው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

ክፍሉን ታውቁታላችሁ፣ ቢሮዬ የነበረው፣ እማዬ ከመጣች ወዲህ የሷ መኝታ የሆነው። ላፕቶፑ ግን እዛው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ተከፍቶ፣ ፊቱን ወደ አልጋው አዙሮ፣ ሁሌም እንደዛ ነው የምተወው።

ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ሻይ ይዤላት ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ዳዊቷ ጭኗ ላይ ተዘርግቷል ግን አታነብም፣ ላፕቶፑን ነው የምታየው። "አንቺ ልጅ፣" አለችኝ፣ "ይቺ መብራት ምንድናት?"

"የቷ?" አልኳት።

"ይቺ። ነጯ።"

ከካሜራው ጎን ያለችው ትንሽዬ ነጭ መብራት በርታለች። እኔ አልከፈትኩትም፣ ማንም አልነካውም። ሻዩን እንደያዝኩ ቆምኩ፣ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፣ ሦስት ሰከንድ ይሁን አስር፣ ከዛ መብራቷ ጠፋች። በራሷ። ያኔ ነው ሻዩን አስቀምጬ ክዳኑን የዘጋሁት፣ ድው አድርጌ፣ እማዬ ደነገጠች።

"ታየኛለች እንዴ?" አለችኝ።

"ማንም አላየሽም እማዬ፣ ካሜራዋ ናት፣ የሆነ ፕሮግራም ነክቷት ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አዎ።"

ያቺ "አዎ" ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። አፌ ላይ የመጣችው እንድትተኛ ስለፈለግኩ ነው እንጂ ስላወቅኩ አይደለም። ከዛ ደሞ ትንሽ ዝም ብላ ምን አለችኝ፣ "ትናንትናስ በርታ ነበር?" ትናንትና ማለት ሰኞ ነው። ሰኞ ደሞ የአባዬ ሙት ዓመት ነበር። እዛ ክፍል በሯን ዘግታ ስታለቅስ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሰምቻታለሁ፣ ልግባ አልግባ ስል ቆይቼ አልገባሁም፣ ብቻዋን መሆን ፈልጋለች ብዬ። ብቻዋን። እሷ ናት እንግዲህ "ትናንትናስ?" የምትለኝ፣ እና "አይ አልበራችም" አልኳት።

ከተኛች በኋላ ላፕቶፑን ይዤ እዚችው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለው ጋ ገብታችሁ ካሜራ ስትሉ ባለፉት 7 ቀናት ካሜራውን ማን እንደነካው ከነሰዓቱ ያሳያችኋል፣ ይሄን እስከ ማክሰኞ ድረስ አላውቅም ነበር። የማክሰኞው አለ፣ ብሮውዘሩ ነው። የትኛው ዌብሳይት እንደሆነ ግን አይልም፣ ብሮውዘሩን ብቻ ነው የሚጽፈው። ወረድ ስል ሰኞ ማታ 3 ከ40 ላይም አለ። ሰኞ ማታ ማንንም በላፕቶፕ አላወራሁም፣ እህቴን ራሱ በስልክ ነው ያወራኋት። ወይስ ከፍቼው ነበር? አላስታውስም፣ እስካሁን እያሰብኩት ነው።

ብሮውዘሩ ውስጥ ገብቼ ካሜራ የፈቀድኩላቸውን ሳይቶች ሳይ አስራ አንድ ናቸው። አንዱ የሥራ ኢንተርቪው ያደረግኩበት፣ አንዱ ለእማዬ ደም ግፊት ዶክተር በቪዲዮ ያገኘንበት፣ ሌሎቹን ጭራሽ አላውቃቸውም። አንዴ "ፍቀድ" ካላችሁት ታቡ፣ ማለት ብሮውዘሩ ላይ የተከፈተው ገጽ፣ ክፍት እስከሆነ ድረስ ሳይጠይቃችሁ ካሜራውን መክፈት ይችላል። የኔ ታብ ስንት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ምናልባት ያ የዶክተሩ ገጽ ራሱን ሪፍሬሽ ሲያደርግ ነው፣ ይሄ ነው የሚመስለኝ። ሁሉንም ሰረዝኳቸው፣ አንቲቫይረስ አስኬድኩ፣ ምንም አላገኘም። ምንም አላገኘም ማለት ግን ምንም የለም ማለት ነው? እንጃ።

እኛ ሰፈር ደሞ ይሄን ነገር ሩቅ አድርጎ ማየት ይከብዳል። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆነ የአሜሪካ ዜጋ፣ በኢሜይል የደረሰውን የወርድ ፋይል ከፈተ፣ በቃ። ፊንስፓይ የሚባል፣ ያኔ ለመንግሥታት ተብሎ ይሸጥ የነበረ መሰለያ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። ክሱ ላይ እንደተጻፈው ከ2012 ኦክቶበር መጨረሻ እስከ 2013 ማርች የስካይፕ ጥሪዎቹን ቀድቷል፣ ቤት ውስጥ ያለው ልጅ ለ9ኛ ክፍል የታሪክ ትምህርቱ ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ሳይቀር። ያ ሶፍትዌር ካሜራና ማይክም መክፈት ይችል ነበር። በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ከሰሰ፣ የታችኛው ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው፣ በ2017 የይግባኙ ፍርድ ቤትም እንደተዘጋ ይቅር አለ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ የውጭ መንግሥትን በእንዲህ ዓይነት ጥፋት እዚህ ለመክሰስ ጥፋቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈፀመ መሆን አለበት፣ ይሄ ደሞ ከፊሉ ከባህር ማዶ ነው የተሠራው። ቤቱ እዚህ፣ ኮምፒውተሩ እዚህ፣ ልጁ እዚህ። ይሄን ሳነብ ያኔ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ንዴቱ አይደለም የመጣብኝ፣ ልጁ ነው። ስለ ራሱ ምን ተሰምቶት ይሆን?

እኔን ማንም የሚፈልገኝ አይመስለኝም፣ የኔ ጉዳይ ታብ ነው፣ ነው ብያችኋለሁ። ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንደዛ አይታሰብም። "መብራቷ ካልበራች ካሜራው አልበራም" ብዬ ልተኛ ስል ደሞ የጆንስ ሆፕኪንስ ጥናት ትዝ አለኝ፣ ባልቲሞር፣ እዚሁ ጎረቤታችን። በ2013 ሁለት ተመራማሪዎች ከ2008 በፊት በተሠሩ ማክቡኮች ላይ መብራቷ ሳትበራ ካሜራው እንዲቀርጽ አድርገው አሳዩ፣ ካሜራው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቺፕ ፕሮግራሟን ቀይረው። የድሮ ማሽን ነው፣ የኔ ሌላ ነው፣ አውቃለሁ። ግን መብራቷም ልትዋሽ ትችላለች ማለት ነው።

የኤፍቢአይ ዳይሬክተር የነበረው ጄምስ ኮሚ ላፕቶፑ ላይ ፕላስተር እንደሚለጥፍ በ2016 ተናግሯል፣ እኔም ለጠፍኩ። ሙጫው ካሜራውን እንዳያበላሸው ከስር ቁራጭ ወረቀት አድርጉ። ማክ ያላችሁ ደሞ ያንን እየተንሸራተተ የሚዘጋውን ፕላስቲክ ተጠንቀቁ፣ አፕል ራሱ በ2020 ክዳኑ ሲዘጋ ስክሪኑን ሊሰነጥቅ ይችላል ብሏል። እና ለጥፌ ጨርሼ እፎይ ስል... ማይኩስ? ማይክ በፕላስተር አይዘጋም፣ ብዙ ላፕቶፕ ላይ ደሞ የራሱ መብራት እንኳን የለውም። እማዬ ማታ ማታ ስትጸልይ የሁላችንንም ስም እየጠራች ነው፣ ጮክ ብላ፣ የማንን በሽታ፣ የማንን ትዳር፣ ለእግዚአብሔር ብቻ የምትነግረውን። ምስሏን ሳስብ ነበር፣ ድምጿን ረስቼዋለሁ።

ጠዋት ስነሳ ላፕቶፑ ላይ ዳንቴል አልብሳዋለች። ሳሪስ ቤታችን ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረው ዓይነት፣ ራሷ የሠራችው፣ ከሻንጣዋ አውጥታ። "ያኔ አቧራ እንዳይገባው ነበር የምንሸፍነው፣" አለች፣ "ዛሬ እኛን እንዳያየን ሆነ።" እያለች እየሳቀች ነው፣ እኔም ሳቅኩ። ማታ ላይ ግን በሯ ጋ ሳልፍ ስትጸልይ ድምጿ አይሰማም። በሹክሹክታ ነው። ላፕቶፑን እኮ ከክፍሉ አውጥቼዋለሁ፣ እዚህ ኩሽና ነው ያለው፣ ነግሬያታለሁ። ግን በሹክሹክታ ነው።

"ያን ቀን እርግጠኛ አልነበርኩም" ልበላት? ብላት ምን ታደርገዋለች? ያለፈውን ሰኞ በምን ፕላስተር... ሦስት ጊዜ ልነግራት አስቤ ሻይ አፍልቼ ተመለስኩ።

ደሞ አሁን እያወራሁ የታወቀኝ ነገር፣ ስለ ለቅሶዋ ለናንተ እየነገርኳችሁ ነው። ሳልጠይቃት። ስልኩ ፊቴ ተቀምጦ እየቀዳ። እሷ በሯን ዘግታ ያለቀሰችውን እኔ... አይ፣ ቆይ። የሰኞውን ነገር ቆርጬ ላውጣው ይሆናል። ከወጣ ግን ቀሪው ምን ትርጉም... ነገ ጠዋት እጠይቃታለሁ፣ እሺ ካለች ትሰሙታላችሁ፣ ወይ ደሞ... እንጃ፣ ለጊዜው ላጥፋው።