ከዶርም እስከ ላይብረሪ የነበረው መንገድ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የአስተዳደር ሠራተኞችና ተማሪዎች፣ እንዲሁም ጥሪውን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ የኮሮና ወረርሽኝ በዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ የአካል እንቅስቃሴ ላይ ያመጣውን ለውጥ የሚመለከት ነው። ርዕሱን ስቀበል መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ኳስ ሜዳ ወይም ጂም ሳይሆን ክሊራንስ ነው። ክሊራንስ ያስፈረመ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዲት ወረቀት ይዞ ከላይብረሪ ወደ ፕሮክተር፣ ከፕሮክተር ወደ ካፌ፣ ከካፌ ወደ ሬጅስትራር፣ እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ፈራሚው ለምሳ ወጥተዋል ተብሎ ወደ ተነሡበት መመለስ ነው። በዚያ ምልልስ ያልተማረረ የለም፤ እኔም በጊዜዬ ተማርሬበታለሁ። ዛሬ በሙያዬ ዓይን ሳስበው ግን ያ ወረቀት ለጤናዬ ከብዙ ምክር የበለጠ እንደሠራልኝ ይሰማኛል። ወረርሽኙ ከወሰደብን እንቅስቃሴ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የዚህ ዓይነቱ ይመስለኛል፤ ስፖርት ብለን ሰይመነው የማናውቀው፣ ስለዚህም ሲጠፋ ያልፈለግነው የዕለት ተዕለት እርምጃ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ላስታውሳችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4፣ በአገራችን የመጀመሪያው ሰው በቫይረሱ መያዙ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ደግሞ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለጥቂት ቀናት በየግቢያቸው እንዲቆዩ ከተደረገ በኋላ ወደየቤተሰቦቻቸው ተሸኙ፤ የለቀቋቸው ዶርሞችም በብዙ ቦታ ለይቶ ማቆያ ሆኑ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከ4 ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብም ተከለከለ። በ4 ሰው ደግሞ ኳስ ጨዋታ አይደምቅም።

ከዚህ በኋላ የምናገረው እንዲገባ አንድ ነገር ቀድሜ ማስረዳት አለብኝ። እንቅስቃሴ ማድረግና ተቀምጦ መዋል አንዱ ሲጨምር ሌላው የግድ የሚቀንስ ይመስለናል። በሙያው ግን ሁለቱ በሁለት መዝገብ የሚጻፉ ነገሮች ናቸው። ተቀምጦ መዋል የምንለው ሰው ነቅቶ እያለ፣ ተቀምጦ ወይም ጋደም ብሎ፣ ሰውነቱ ፍጹም ዕረፍት ላይ ሲሆን ከሚያቃጥለው ኃይል ከአንድ ተኩል እጥፍ ያልበለጠ ብቻ የሚያቃጥልበትን ጊዜ ነው። ስለዚህ ንጋት ላይ አንድ ሰዓት ሮጦ ቀሪውን ቀን ከወንበር ያልተነሣ ሰው በአንዱ መዝገብ ባለጠጋ፣ በሌላው ባለዕዳ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ የሚቀመጥ ሰው ከመቀመጡ የሚመጣበትን ያለጊዜ የመሞት አደጋ ለማካካስ በየቀኑ ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ያህል መጠነኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን በየቀኑ የሚያደርግ እጁን ያውጣ ብል ስንቶቻችን እንደምናወጣ መገመት አያቅትም።

የዚህ ዕውቀት መነሻ ከአውቶቡስ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጄሪ ሞሪስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዘው የሚቀመጡት ሾፌሮች በባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ደረጃ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ቲኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ ሕመም እንደሚጠቁ አሳዩ። ድርጅቱ አንድ፣ አውቶቡሱ አንድ፣ መንገዱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ መቀመጡና ደረጃው ላይ ነበር። በነገራችን ላይ የእኛው አንበሳ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ እንደ ሾፌሩ ተቀማጭ ስለሆነ ጥናቱ አዲስ አበባ ላይ ቢደገም ሌላ ውጤት ሊመጣ ይችል ነበር፤ ከሞሪስ ቲኬት ቆራጮች ጋር የሚቀራረበው ምናልባት የታክሲ ረዳታችን ነው።

ወደ 2012 ልመለስ። በ187 አገሮች የሚገኙ ከ455 ሺህ በላይ ሰዎች በስልካቸው የተቆጠረ እርምጃ ከጥር እስከ ግንቦት 2012 ዓ.ም. ተመርምሮ ነበር። ወረርሽኙ በታወጀ በ10 ቀን ውስጥ አማካይ የቀን እርምጃ በ5.5 በመቶ፣ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ በ27.3 በመቶ ቀነሰ፤ ይህም በቀን 1,432 እርምጃ ማለት ነው። ቤት መዋል በጥብቅ በታዘዘባት በጣሊያን ቅናሹ እስከ 48.7 በመቶ ሲደርስ፣ እገዳውን ባላጠበቀችው በስዊድን ከ6.9 በመቶ አላለፈም። ቁጥሩ የስማርት ስልክ ባለቤቶችን ብቻ የሚያሳይ መሆኑን ግን ልብ በሉልኝ፤ ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

የዩኒቨርሲቲዎችን ለይተው ያዩ ጥናቶች ይበልጥ የሚያስገርም ነገር አምጥተዋል። በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን፣ መምህራንንና የአስተዳደር ሠራተኞችን ከገጽ ለገጽ ትምህርት መቋረጥ በፊትና በኋላ ስላለው ጊዜ ጠየቁ። የመቀመጫ ጊዜ ጨመረ። እንቅስቃሴው ግን ለሁሉም እኩል አልወረደም፤ ቀድሞ በጣም ንቁ የነበሩት ብዙ ሲያጡ፣ ቀድሞ እምብዛም የማይንቀሳቀሱት ጥቂት ጨመሩ። በስፔን የካስቲያ-ላ ማንቻ ዩኒቨርሲቲ 213 የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ሁለቱም መዝገቦች አብረው ማደጋቸውን አሳየ፤ ተማሪዎቹ በቤታቸው የሚሠሩት ስፖርትም፣ ተቀምጠው የሚያሳልፉት ሰዓትም ጨመረ። ቤት የዋለ ሰው ለስፖርት ጊዜ አገኘ፤ በስፖርቱና በስፖርቱ መካከል ግን የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም።

በእኛ ዘንድስ? ሥዕሉን አንድ አድርጎ ማቅረብ ይከብዳል። የቅድመ ምረቃ ትምህርት በአብዛኛው ቆሞ ተማሪው እስኪጠራ ሲጠብቅ፣ የድኅረ ምረቃው በኢንተርኔት ለመቀጠል ሞከረ። የማማክረው አንድ የማስተርስ ተማሪ ከገጠር ቤተሰቦቹ ቤት ሆኖ ነበር የሚማረው። በቴሌግራም የምልክለትን ፋይል ለማውረድ ከቤቱ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ መውጣት ነበረበት፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ አንዲት ዋርካ ሥር ብቻ ነበር። ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምሰማው ትንፋሹን ነው። ቀሪውን ቀን ከአባቱ ጋር እርሻ ላይ ይውል ነበር። ያን ጊዜ «ስፖርት ትሠራለህ ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «አልሠራም» እንደሚሆን አልጠራጠርም። ስማርት ስልኩን እቤት ትቶ ሞፈር የጨበጠ ተማሪ ደግሞ እርምጃው በየትኛውም መተግበሪያ አይቆጠርም። ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኩት ይህንን ነው።

የሴት ተማሪዎቻችን ጉዳይ ከዚህም የተለየ ነው። ግቢ ውስጥ ቱታ ለብሳ ከጓደኞቿ ጋር ስትሮጥ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ተማሪ፣ እትውልድ ቀበሌዋ ስትገባ በዚያው ቱታ መንገድ ላይ ብትወጣ መነጋገሪያ ትሆናለች። ውሃ መቅዳቱ፣ ማቡካቱ፣ እንጀራ መጋገሩና ታናናሾችን መንከባከቡ ግን ይጠብቃታል። በመስኩ የተለመደው መጠይቅ የቤት ውስጥ ሥራን እንደ እንቅስቃሴ ይቆጥራል፤ መቁጠሩም ትክክል ነው። ነገር ግን በፈቃድ የሚደረግ ሩጫና በግዴታ የሚሸከሙት እንስራ በአንድ ድምር ገብተው «እንቅስቃሴዋ አልቀነሰም» የሚል ሠንጠረዥ ሲወጣ፣ እኔ በበኩሌ ሠንጠረዡን አላምነውም። ለጡንቻዋ አልቀነሰ ይሆናል፤ ለራሷ የነበራት ሰዓት ግን ሄዷል።

አዲስ አበባ የቀረነው በአመዛኙ ወንበር ላይ ቀረን። እኔ ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ ከሰሌዳው እስከ መጨረሻው ረድፍ እየተመላለስኩ የማስተምር ሰው ነኝ። ዙም ላይ ያን ማድረግ አይቻልም፤ ትንሽ ዞር ካልኩ ተማሪዎቹ «መምህር፣ አይታዩም» ይሉኛል። በሦስተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየማችን ባለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ስቀመጥ ሰነበትኩ፤ በሐምሌ ወር ከሊፍት አልባው ሕንፃችን ደረጃ ላይ አጋማሹ ሳልደርስ ቆሜ አየር ስስብ ነው የገባኝ። የምሮጥበት ጃን ሜዳም በዚያ ሰሞን የእኔ አልነበረም። በፒያሳ አትክልት ተራ የነበረው መጨናነቅ አስጊ በመሆኑ ገበያው ወደዚያ ተዛውሮ ነበር፤ አገር አቋራጭ በሚሮጥበት ሣር ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም በየጆንያውና በየሳጥኑ ተደርድሮ አይቻለሁ። ውሳኔው ተገቢ ነበር፤ ሕዝብ መብላት አለበትና። ገበያው የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ እስኪሄድ ድረስ ግን የስድስት ኪሎ ሯጭ ሜዳ አልነበረውም። ንጋት ላይ ብዙ ሰው ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ የምናየው መስቀል አደባባይም በግንባታ ምክንያት ታጥሮ እስከ ሰኔ 2013 ቆየ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ እንኳ ወደ ጥር 2013 ተገፍቶ ነው የተካሄደው።

አሁን ሜዳው ተመልሷል፣ አደባባዩ ተመርቋል፣ ሩጫውም በወሩ ይሮጣል። ያልተመለሰው ቅድም የጠቀስኩት መንገድ ነው። ድሮ ውጤት ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ዜናው ከዶርም ዶርም ይሮጥና እኛም ተከትለነው እንሮጥ ነበር፤ ዛሬ ስልክ ላይ ይታያል። ምዝገባው፣ የመጽሐፍ ፍለጋው፣ የአማካሪ ቀጠሮው፣ የትምህርት ክፍል ስብሰባው ሁሉ ወደ መስኮትና ወደ ወንበር ገብቷል። በወረርሽኙ ወቅት እንደ ጊዜያዊ መፍትሔ የተጀመረው ምቹ ሆኖ ስለተገኘ ቀረ። ተማሪን በወረቀት ማንከራተት ይመለስ የሚል ሰው ቢኖር ቀድሜ የምቃወመው እኔ ነኝ። የምለው፣ ያ መንከራተት ሳናውቀው ይሠራልን የነበረውን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር አላስቀመጥንም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም.፣ ወረርሽኙ ገና ሳይበርድ፣ አዲስ መመሪያ አውጥቷል። አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ፣ ተቀምጦ የሚውልበትን ጊዜም እንዲቀንስ ይመክራል። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ግን ቀድሞ የነበረው «ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ መነሣቱ ነው። ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው የሚወስደው የ4 ደቂቃ መንገድ ከእንግዲህ ይቆጠራል። በሜልቦርን የተደረገ አንድ ሙከራም በየ20 ደቂቃው ለ2 ደቂቃ ብቻ ተነሥተው የተራመዱ ሰዎች፣ ሳይነሡ ከቆዩት ይልቅ ከምግብ በኋላ በደማቸው ያለው ስኳር ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። የእግር ጡንቻ ሲኮማተር ስኳርን ከደም ስለሚስብ ነው። ካፌ ምሳ በልቶ፣ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት አንድ ወንበር ላይ ሌክቸር የሚከታተል ተማሪ ይህን ዕድል አያገኝም፤ እንቅልፉንም ሁላችንም ከመድረክ እናየዋለን።

ስለዚህ የማቀርበው ጥያቄ ብዙ በጀት አይጠይቅም። የከሰዓት በኋላ ሌክቸሮች በየ50 ደቂቃው እንዲቋረጡና ዕረፍቱ ከክፍል ውጭ እንዲሆን የትምህርት ክፍሎች ይስማሙ። ሜዳው ለሴት ተማሪዎች ብቻ የሚከፈትበት ሰዓት ይኑር፤ ሰዓቱንም እኛ ሳንሆን እነሱ ይምረጡት። ከላይብረሪ ወደ ዶርም የሚወስደው መንገድ መብራት ይግባለት፤ የጨለመ መንገድ ላይ ተራመዱ ብሎ መምከር ቀልድ ነው። ከሁሉም የሚረሱት የአስተዳደር ሠራተኞቻችን ናቸው፤ ፋይል ይዘው ፎቅ ለፎቅ ይመላለሱ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ስምንት ሰዓት ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣሉ፤ በጥናቶቻችንም ውስጥ ከተማሪው ሲነጻጸር እምብዛም አናገኛቸውም። በሚቀጥለው ዓመት መጠይቅ ስንበትን «ስፖርት ትሠራላችሁ ወይ?» ከሚለው በፊት «ትናንት ስንት ሰዓት ተቀመጣችሁ? በእግራችሁስ የት የት ሄዳችሁ?» የሚለውን እነሱን እንድንጠይቅ እፈልጋለሁ።

ከመክፈቻው ጀምሮ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጣችኋል። ሻዩ እንደተለመደው በአዳራሹ መግቢያ ላይ እንዳይሆን አዘጋጆቹን ለምኛቸው ግቢውን አቋርጦ ከስፖርት ሜዳው ማዶ ባለው ሕንፃ ምድር ቤት ተዘጋጅቷል። ትኩስ እንደሆነ አረጋግጠውልኛል። መንገዱን የማታውቁ እንግዶች ከእኔ ጋር ትሄዳላችሁ።

አመሰግናለሁ።