ማናጀሩና እርሳሱ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። ርዕሱ ትንሽ ያሳፍራል፤ ስትሪፕ ክለብ ነው፣ ዳንሰኞች ልብሳቸውን እያወለቁ የሚደንሱበት ቤት። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ኢርፎን አድርጉ። የማወራው ግን ስለ ዳንሱ ሳይሆን ስለ ማናጀሩ ነው።

እንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ ባር ላይ ሠርቻለሁ። ሁለት ማናጀሮች ተፈራርቀውብኛል። ቤቱ ያው፣ መብራቱ ያው፣ መጠጡም ያው። በመጀመሪያው ጊዜ ቅዳሜ ማታ መቆሚያ ይጠፋ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ብርጭቆ ስወለውል ነበር የሚነጋልኝ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በብዙ ክለቦች፣ በተለይ አሜሪካ፣ ዳንሰኛዋ ደሞዝ የላትም። ጭራሽ ከፋይዋ እሷ ናት! ሃውስ ፊ ይሉታል፣ ገብታ ለመሥራት ለቤቱ የምትከፍለው ሂሳብ ነው። ከዚያ ደግሞ ከቲፗ ላይ ለዲጄው፣ ለባውንሰሩ ማለትም ለጥበቃው፣ ለእኛም ለባር ሰዎች ታካፍላለች። እስቲ ማናጀር ሁኑና አስቡት። ማክሰኞ ነው፣ ደንበኛ የለም፣ ግን ሃያ ዳንሰኛ ካስገባችሁ የሃያ ሰው ሂሳብ ገባላችሁ ማለት ነው። ሁለተኛው ማናጀራችን ያደረገው ይህንኑ ነው። ሁለት ወር ሂሳቡ አማረለት። ልጆቹ ግን አምስት ደንበኛ ለሃያ እየተሻሙ፣ ይዘው ከገቡት ያነሰ ገንዘብ ይዘው መውጣት ጀመሩ። ቀድመው የሄዱት ጎበዞቹ ናቸው፤ ሌላ ቤት እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው እነሱን ነዋ። ቋሚ ደንበኛውም ተከትሏቸው ሄደ። ዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሕግ ክለቡ በአንድ ሺፍት ከ150 ዶላር ወይም ዳንሰኛዋ ካገኘችው 30 በመቶ፣ ከሁለቱ ካነሰው በላይ እንዳይወስድ ከልክሏል። ያንን ሳነብ ሰውዬው ትዝ አለኝ።

ሌላው ወረቀቷ ናት። መልበሻ ክፍሉ በር ላይ የምትለጠፍ፣ ማን መቼ መድረክ እንደሚወጣ የተጻፈባት። የመጀመሪያው ማናጀር በእስክሪብቶ ይጽፍ ነበር። ሁለተኛው በእርሳስ። ያኮረፋት ልጅ ተራዋ ይፋቅና ደንበኛ ወደሚበተንበት ሰዓት ትገፋለች፣ የሳቀችለት ወደ ላይ ትወጣለች። ወረቀቷ ከመፋቅ ብዛት ስሞቹ ጋ ሳስታ ነበር።

አንዴ በደንብ የሚከፍል ደንበኛ የአንዷን ክንድ ጨምድዶ አልለቅም አለ። የመጀመሪያው ማናጀር መጣና ድምፁን እንኳ ሳያነሳ «ሂሳብህ ተዘግቷል፣ ጃኬትህን ያዝ» አለው። እኔ በሆዴ «አበደ እንዴ፣ ይህን ሁሉ ገቢ?» አልኩ። ሁለተኛው ቢሆን «ቻይው፣ ጥሩ ከፋይ ነው» ነበር የሚለው፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ይህ ደግሞ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። ሎስ አንጀለስ፣ ኖርዝ ሆሊውድ ውስጥ የአንድ ክለብ ዳንሰኞች የደህንነታችን ነገር ይታሰብበት ብለው ተነሥተው፣ ከረጅም ትግል በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 በቲያትር ተዋንያኑ ማኅበር በአክተርስ ኢኩዊቲ ስር ተደራጅተዋል።

እኔስ? እኔም ድርሻዬን እየተቀበልኩ ዝም ብያለሁ፣ መዋሸት የለብኝም። አንድ ሌሊት አንዷ የባሩን ድርሻ ቆጥራ ሰጠችኝና፣ እዚያው ቆማ «የታክሲ አበድረኝ» አለችኝ። አበደርኳት። የሰጠኋት ያንኑ የሰጠችኝን ነበር።