24 ከ20 ሲያንስ

ሰላም ሰላም፣ ዛሬ የምቀዳው ደብረ ማርቆስ ሆኜ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁን ቻሉት።

እሁድ ለት አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነን፣ ከቁምሳጥን ሁለት የተረፈ መድኃኒት አወጣችና፣ አንዱ ሲፕሮ አንዱ ኖርፍሎክሳሲን፣ «አንተ ላብራቶሪ አይደል የምትሠራው፣ እስቲ የቱ ነው ብርቱው?» አለችኝ። ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ፍሎሮኪኖሎን የሚባሉት ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒቶች። «ሲፕሮ» ልላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተማሪ እያለሁ ያፈርኩባት ነገር ትዝ አለችኝና ዝም አልኩ።

ምን መሰላችሁ፣ ከሽንት የወጣ ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ ሚለር ሂንተን አጋር የሚባል ባክቴሪያ ማብቀያ ሳህን ላይ ቀባሁት፣ የሁለቱን መድኃኒት ዲስክ፣ መድኃኒት የተነከረች ትንሽ ክብ ወረቀት ናት፣ አስቀመጥኩ፣ ኢንኩቤተር ውስጥ በ35 ዲግሪ አሳደርኩት፣ ጠዋት ባክቴሪያው ያልበቀለበትን ክብ በማስመሪያ ስለካው ሲፕሮ 24 ሚሊሜትር፣ ኖርፍሎክሳሲን 20። እኔ ሆዬ ደስ ብሎኝ «ሲፕሮ በለጠ» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪያችን አየውና ምንም ሳይናገር ክቡ ስንት ሚሊሜትር ሲሆን መድኃኒቱ ይሠራል የሚለውን ሰንጠረዥ አመጣልኝ። ሲፕሮ ሴንሲቲቭ፣ ማለት ይሠራል፣ ለመባል 26 ያስፈልገዋል፣ ለኖርፍሎክሳሲን 17 ይበቃል። ስለዚህ 20ው አለፈ፣ 24ቱ መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ! የሚያናድደው ደግሞ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የድሮው ሰንጠረዥ ለሲፕሮ 21 ነበር የሚለው፣ በፈረንጆቹ 2019 ነው የተቀየረው፣ በሱ ብሄድ ሲፕሮም ያልፍ ነበር፣ ያው ሳህን ያው ባክቴሪያ።

ለምን ካላችሁ፣ ዲስኮቹ እኩል አልተሞሉም፣ የሲፕሮው 5 ማይክሮግራም የኖርፍሎክሳሲኑ 10 ነው፣ አጋሩ ውስጥ የሚሰራጩትም እኩል አይደለም። ጠላና አረቄ በአንድ ጣሳ ለክቶ ማን ቀድሞ ሰከረ የሚል ሰው አለ እንዴ? ሌላው ደግሞ ሳህኑ ደም የለው ኩላሊት የለው፣ ኖርፍሎክሳሲን ሽንት ውስጥ ነው የሚጠራቀመው፣ ደም ውስጥ ብዙም አይገኝም፣ ያ 17 የምላችሁም ለሽንት ኢንፌክሽን ብቻ የሚሠራ ቁጥር ነው፣ ለሳንባ ልጠቀምበት ብትሉ አይሆንም።

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ በጠላ በአረቄው አድርጌ አስረዳኋት። ሰማችኝ ሰማችኝና «እና የኔን የቱ ይገድለዋል?» አለች።

«ምንሽን ነው እትዬ የሚያምሽ?» ብላት፣ ጉልበቴን።