የመጀመሪያዋ ላይክ

[ምስል፦ ደሴ፣ ፒያሳ። ባጃጆች ተደርድረዋል።]

እንበልና አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ «የባጃጅ ታሪፍ ይጨመር ወይስ አይጨመር?» ብሎ ጠየቀ። ጠዋት ላይ ኮሜንቱ ሁሉ «ወላሂ በዛ፣ ኑሮው መች ተቻለ!» የሚል ነበር። ከሰዓት ስትመለሱ ግን አናት ላይ የተቀመጠው ሌላ ነው። «ነዳጅ ስንት እንደገባ አታውቁም እንዴ? ይጨመር!» ይላል። ላይኩ መቶ አልፏል። ከስሩም «ልክ ብለሃል» ይደረደራል።

ደሴ በግማሽ ቀን ሐሳቧን ቀየረች ማለት ነው? ላይሆን ይችላል።

[ምስል፦ ሦስት ኮሜንቶች። አንዱ ላይ አረንጓዴ፣ አንዱ ላይ ቀይ ቀስት።]

በፈረንጆቹ 2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ሌቭ ሙችኒክ፣ ሲናን አራልና ሾን ቴይለር የሠሩት ነው። ከ100 ሺህ በላይ ኮሜንቶችን ወሰዱ። ገና ከመጻፋቸው፣ በዕጣ፣ ለአንዳንዶቹ አንድ የድጋፍ ድምፅ ሰጡ። ለሌሎቹ አንድ የተቃውሞ። የቀሩትን አልነኳቸውም።

አንዲት ድምፅ ብቻ! ግን ቀጥሎ የመጣው አንባቢ ድጋፍ የመስጠት ዕድሉ በ32 በመቶ ጨመረ። የኮሜንቶቹ የመጨረሻ ውጤትም በአማካይ በ25 በመቶ ከፍ አለ።

የተቃውሞዋስ? እሷ ብዙም አልሠራች። ሌሎች አንባቢዎች ድጋፍ እየሰጡ አካካሱት። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ያለ አግባብ የተነቀፈን ቶሎ እናስተውላለን፤ ያለ አግባብ ለተሞገሰው ግን አብረን እናጨበጭባለን። ስለዚህ ሐሳብ ማዞር የፈለገ ሰው መሳደብ አያስፈልገውም። ቀድሞ ማጨብጨብ ይበቃዋል።

[ምስል፦ ስልክ፣ የቴሌግራም ግሩፕ።]

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥቂት ፌክ አካውንት፤ ወይ ደግሞ ግሩፕ ውስጥ «ገብታችሁ ላይክ አድርጉ» ተብሎ የተበተነ ሊንክ። ላይክ በገንዘብ የሚሸጡም አሉ። ብዙ ላይክና መልስ ያገኘ ኮሜንት ወደ ላይ ይወጣል። የቀረውን እውነተኛው ሰው ይጨርስላቸዋል። ሌላ ሐሳብ ያለው «ምን አገባኝ» ብሎ ያልፋል።

ስትጠራጠሩ የኮሜንቶቹን ቅደም ተከተል ወደ «አዲስ» ቀይሩት። ታች ተቀብረው የነበሩት ብቅ ይላሉ። ፕሮፋይሎቹንም ክፈቷቸው። ፎቶ የሌለው፣ ትናንት የተከፈተ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል በሦስት ስም የሚደግም ካለ ነገር አለ።

ብዙ ኮሜንት በአንዴ መምጣቱ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እኮ ሰፈሩ በሙሉ ነው ተንጋግቶ ኦንላይን የሚገባው።