ትኩሱ ምግብ ፍሪጅ ይግባ ወይስ ውጪ ይደር?

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ የምናወራው ስለ ምግብ አቀማመጥ ነው። "እሱማ ምን ያስወራል፣ ፍሪጅ ውስጥ መክተት ነው" የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ፍሪጅህ ስንት ዲግሪ ላይ ነው? አየህ፣ ዝም አልክ።

ፍሪጁ ውስጥ ያለችው ክብ ማዞሪያ ቁጥር አላት አይደል? ያ ቁጥር ዲግሪ አይደለም። "3 ላይ አድርጌዋለሁ፣ እንግዲህ 3 ዲግሪ ነው" አይሠራም። እንዲያውም በአብዛኞቹ ፍሪጆች ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ነው የሚጨምረው። ትክክለኛውን ለማወቅ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሙሉ፣ ቴርሞሜትር ክተቱበት፣ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሩት፣ ጠዋት በሩን እንደከፈታችሁ አንብቡ። ለምን ውሃ ውስጥ? በሩ በተከፈተ ቁጥር አየሩ ይለዋወጣል፣ ውሃው ግን ቶሎ አይደነግጥም።

የምንፈልገው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ዜሮ ከደረሰ ሰላጣው በረዶ ይሆናል። ለፍሪዘር ከዜሮ በታች 18። 7 ወይም 8 ካነበባችሁ ማዞሪያውን አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉና እንደገና አሳድሩት። አሁንም እምቢ ካለ የበሩን ጎማ ጠርጥሩ። ወረቀት በጎማውና በፍሪጁ መሃል አድርጋችሁ በሩን ዝጉ፣ ከዚያ ወረቀቱን ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ሾልኮ ከወጣ እዚያ ጋ አየር እየገባ ነው።

ይሄ አለቀ። ስለ መደርደሪያዎቹ ልቀጥል ነበር፣ ግን ስለ ምግብ በተነሳ ቁጥር ከእናንተ የሚመጣ አንድ አስተያየት አለ፤ ዛሬ ሳልጨርሰው አላልፍም። እንዲህ ይላል፦ "ትኩስ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ፍሪጁ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ሌሊቱን ውጪ ይደርና ጠዋት ይግባ።"

ግማሹ እውነት ነው። የሚንተከተክ ትልቅ ድስት ሾርባ እንዳለ ብትከቱት ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም የፍሪጁ ሞተር፣ ለረጅም ሰዓት ይሠራል፣ አጠገቡ ያለው ወተትም ይሞቃል። ፍሪጁ አይቃጠልም፣ ግን ልክ ናችሁ፣ ትልቁ ድስት እንዳለ አይግባ። ጥፋቱ ያለው "ይደር" የምትለዋ ላይ ነው። ይደር! ለማን ነው የሚያድረው?

ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ መቼም ታውቁታላችሁ። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መሃል ባክቴሪያ ይራባል፣ ሲመቸው አንዱ በ20 ደቂቃ ሁለት ይሆናል። 1 የነበረው በሰዓት 8፣ በሁለት ሰዓት 64፣ በአራት ሰዓት 4096። በስምንት ሰዓት? ከ16 ሚሊዮን በላይ። ሂሳቡ ነው እንጂ ምግቡ እየበረደ ሲሄድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ግን ሐሳቡ ገብቷችኋል።

"ጠዋት አፈላዋለሁ፣ ይሞታል።" ይቺም ሁሌ ትመጣለች። ባክቴሪያው ይሞት ይሆናል፣ ያመነጨው መርዝስ? ሩዝ እንውሰድ። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ስፖሩ፣ ማለትም ዘሩ፣ የሩዙን መፍላት ችሎ ይቀራል። የበሰለው ሩዝ ለብ ብሎ ሲቆይለት ይነቃል፣ ይራባል፣ ሰውን የሚያስመልስ መርዝ ይተፋል። ያንን መርዝ ደግሞ ማፍላት አይበግረውም። ከእጃችን ወደ ምግብ የሚሄደው ስታፊሎኮከስም እንዲሁ ነው። "ካልሸተተ ምን አለው" ለምትሉም፦ መርዙ አይሸትም፣ ጣዕም የለውም። ምግቡ እንዲሸት የሚያደርጉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ሰው የሚያሳምሙት እነሱ አይደሉም።

[ክዳኑ የተከደነ ድስት ይታያል]

አሁን የምወዳት ምሳሌ። ታገሡኝ፣ ረዘም ትላለች። አንድ አልጋ አስቡ። አምስት ልጆች፣ አንድ ብርድ ልብስ። ዳር የተኙት ምን ይሆናሉ? አንዱ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ የሌላው እግር ውጪ ነው፣ ሁለቱም ሲንቀጠቀጡ ያድራሉ። መሃል የተኛውስ? ላብ በላብ! በቀኝ ሙቀት፣ በግራ ሙቀት፣ ከላይ ብርድ ልብስ። መስኮቱ ቢከፈት እንኳ አይሰማውም። እናት ገብታ ዳር ያለውን ነካ አድርጋ "ልጆቼን በረዳቸው" ብትል፣ ስለ መሃለኛው ምንም አላወቀችም።

ድስታችሁ ያ አልጋ ነው። ጎኑን ነክታችሁ "ቀዝቅዟል" ትላላችሁ፣ መሃል ያለው ሾርባ ገና ለብ ብሎ ተኝቷል። ባክቴሪያው የሚፈልገውም እሱን ነው! ብርድ ልብሱ ክዳኑ ነው። አልጋውን እንዳለ አንስታችሁ ፍሪጅ ብትከቱትስ? ዳር ያሉት ይብስባቸዋል፣ መሃለኛው ለሰዓታት ደንታም የለው። ታዲያ ምን ይሻላል? ልጆቹን መለያየት! ለየራሳቸው አልጋ መስጠት። ወይም በየደቂቃው መሃለኛውን ቀስቅሶ "አንተ፣ ወደ ዳር ሂድ" ማለት። ጭካኔ ነው፣ ግን ለሾርባ ይሠራል፤ ማማሰል ማለት ይሄው ነው።

ወደ ሥራው። ሾርባውን ወይም ሩዙን ዝርግ ዕቃ ላይ ገልብጡት፣ ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ትልቅ ሙዳ ሥጋ ከሆነ ቆራርጡት። ፈሳሽ ነገር ቶሎ እንዲበርድ ከፈለጋችሁ የዕቃ ማጠቢያውን ገንዳ በውሃና በበረዶ ሙሉና ድስቱን መሃሉ አስቀምጡ፤ የገንዳው ውሃ ከውስጡ ሾርባ ከፍታ ጋር እኩል ይሁን፣ ወደ ድስቱ ግን አይግባ። እያማሰላችሁ። እንፋሎቱ ጋብ ሲል ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ አትጠብቁ። ከምድጃ ከወረደ 2 ሰዓት ሳይሞላ መግባት አለበት፤ ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ። ዕቃዎቹን አንዱን ባንዱ ላይ አትከምሩ፣ ልጆቹን መልሳችሁ አንድ አልጋ ላይ ማስተኛት ይሆናል። ሲበርድ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑና ቀኑን ጻፉበት። ቀኑን! "ትናንት መሰለኝ" ቀን አይደለም።

የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሩዝ ላይ እኔ ጥብቅ ነኝ፣ ከ1 ቀን ባያልፍ። ጥሬ ዶሮና የተፈጨ ሥጋ ከ1 እስከ 2 ቀን፣ ካልሆነ ፍሪዘር። ስታሞቁ መሃሉ 74 ዲግሪ ይድረስ። ፍሪጅ ባክቴሪያን አይገድልም፣ ያዘገየዋል እንጂ፤ ሊስቴሪያ የሚባለው እንዲያውም እዚያው ቅዝቃዜ ውስጥ ቀስ እያለ ይራባል። እሱ ደግሞ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር ቤት ካለች የቆየውን ምግብ "አሳዝኖኝ" ብላችሁ አትስጧት።

እስካሁን ላይክ ያላደረገ ካለ፣ ምግቡ እስኪበርድ ይጫናት። ሰብስክራይብም እዚያው አጠገቧ ናት።

መደርደሪያዎቹን በሩጫ። ጥሬ ሥጋ በጎድጓዳ ዕቃ፣ ከሁሉም ታች፣ ደሙ ምንም ላይ እንዳይንጠባጠብ። በሩ የፍሪጁ ሞቃት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ወተትና እንቁላል ወደ ውስጥ፣ በሩ ላይ ሰናፍጭና ካቻፕ። አምራቾቹ የእንቁላል ማስቀመጫ በሩ ላይ መሥራታቸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ፖምና የበሰለ ሙዝ ኢትሊን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጡ ከቅጠላ ቅጠል ይራቁ፣ ያቢጫሉታል። ድንች ፍሪጅ አያስፈልገውም፣ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይበቃዋል፤ ከሽንኩርት ጋር አታስቀምጡት፣ ቶሎ ያበቅላል።

መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ። "ልየው እስቲ" ብሎ መክፈት ነው ቅዝቃዜውን የሚጨርሰው። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር 48፣ ግማሹ የሞላ 24 ሰዓት ያህል ይቋቋማል። መብራቱ ሲመጣ ሥጋው ላይ ገና በረዶ ካለ፣ ወይም በቴርሞሜትር 4 ዲግሪና ከዚያ በታች ከሆነ፣ መልሳችሁ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ሲበስል ትንሽ ይደርቃል እንጂ አይጎዳም። ከ4 በላይ ሆኖ 2 ሰዓት ያለፈው ግን፣ ወጪው ቢያንገበግብም፣ ይጣል። ቀምሳችሁ ለመወሰን አትሞክሩ።