ሜትሩ ለምን ተደፍቶ ይለካል?

[ምስል፦ ጠዋት፣ ፒያሳ አካባቢ። በጤና ጣቢያው ኮሪደር ነፍሰ ጡሮች ካርድ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ።]

አንዷ ጎረቤት «ወደታች ወርዷል፣ ወንድ ነው» ትላለች። ሌላዋ «ምነው ሆድሽ አነሰ?» ብላ ታስደነግጥሻለች። ክትትል ክፍል ስትገቢ ግን ነገሩ የአይን ግምት አይደለም፤ ልብስ ሰፊ የሚይዘው ዓይነት ሜትር ይወጣል።

[ምስል፦ አልጋ፣ የአዋላጅ ነርሷ እጆች።]

«ሽንት ቤት ደርሰሽ መጣሽ፣ እናቴ?» ፊኛ ከሞላ ማህፀኑን ወደ ላይ ስለሚገፋው ልኬቱ ይዛባል።

በጀርባሽ ትተኛለሽ። ሲስተር በመዳፏ ጎን የማህፀኑን አናት ፈልጋ የሜትሩን ጫፍ እዚያ ትይዛለች፤ ከዚያ ከብልት በላይ እስካለው አጥንት ትዘረጋዋለች። ልብ በይ፣ ቁጥሩ ያለበት ፊት ወደ ሆድሽ ተደፍቷል። «28 ሳምንት ናት» ብሎ የሚለካ ሰው ቁጥሩ ከታየው እጁ ሳያውቀው ወደ 28 ይሄዳል። ሜትሩ የሚገለበጠው ተለክቶ ካለቀ በኋላ ነው።

[ምስል፦ ሜትሩ ይገለበጣል፤ 27።]

በ20 ሳምንት ገደማ የማህፀኑ አናት እምብርት ጋ ይደርሳል። ከዚያ እስከ 36 ሳምንት ድረስ ሴንቲሜትሩና ሳምንቱ ይቀራረባሉ፤ 2 ከፍ ወይም ዝቅ ቢል አያሳስብም።

እኔን ከሜትሩ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበት ቀን ከተሳሳተ ሳምንቱም ስለሚሳሳት ትክክለኛው ልኬት ስህተት ይመስላል። የመውለጃው ቀንም የሚሰላው ከዚሁ ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 9 ወር ከ10 ቀን ይደመርበታል፦ መስከረም 10 ከሆነ ሰኔ 20። መሃል ጳጉሜ ካለች ግን 10 ሳይሆን 5 ቀን ይደመራል፤ ጥር 10 ጥቅምት 15 ይሆናል። ጳጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ 4። ይቺን ጳጉሜ የሚረሳ ብዙ ነው።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ልኬቱ ከበዛ መንታ፣ የእንሽርት ውሃ መብዛት፣ ስኳር ወይም ማዮማ (የማህፀን እጢ) ሊሆን ይችላል። ካነሰ ውሃው አንሶ፣ ጽንሱ አግድም ተኝቶ ወይም እድገቱ ዘግይቶ ይሆናል። ሜትሩ የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ አልትራሳውንድ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ቀጠሮም ሜትርም አትጠብቂ፣ ወዲያው ሂጂ።

[ምስል፦ ካርዱ ላይ የቁጥሮች ረድፍ፦ 24፣ 27፣ 31።]

ሲስተር አዲሱን ቁጥር ጽፋ ቀና አትልም፤ መጀመሪያ ያለፈውን ወር ታያለች። ከ36 ሳምንት በኋላ የልጁ ጭንቅላት ወደ ዳሌ ሲገባ ቁጥሩ ዝቅ ሊልም ይችላል። ያኔ «ሆድሽ ወረደ» ያለችሽ ጎረቤት ልክ ናት፤ ወንድነቱን ግን እሷም አታውቅም።